ከኔቫዳ እስከ አዋሽ ሸለቆ፦ በአዮን የተመታ ስስ ፕላስቲክ ታሪክ

በላስ ቬጋስ ከተማ የሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ የወረደ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ የአገሩን ቋንቋ ለመስማት ብዙ መጠበቅ አያሻውም። ሻንጣውን ተረክቦ ከታክሲዎቹ ሰልፍ ሲደርስ፣ ተራቸውን ከሚጠብቁት አሽከርካሪዎች መካከል የወንዙ ልጆች መኖራቸውን ከሩቅ በሰላምታቸው ይለያል። ይህ ጽሑፍ እንዲዘጋጅ ምክንያት የሆነውም ከነዚሁ አሽከርካሪዎች ከአንዱ ጋር ከአየር ማረፊያው ተነሥተን ስንጓዝ ያደረግነው ጭውውት ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ንግግሩ የረጋ ሰው ነው። ሙያዬን ጠየቀኝ። ስስ ፕላስቲክ በአዮን ሲመታ ቅንብሩ እንዴት እንደሚለወጥ ሳጠና ዕድሜዬን እንደፈጀሁ ስነግረው ሣቀና፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ይህን ሊያጠኑ ነው አገር ጥለው የወጡት?» አለኝ። ቀልዱ አልከፋኝም፤ ራሴን በራሴ ብዙ ጊዜ የጠየቅሁት ጥያቄ ነውና።

ጥቂት ዝም ብሎ ከነዳ በኋላ ግን የሚከተለውን አጫወተኝ። ያደገው ገዋኔ ነው። በልጅነቱ ከእኩዮቹ ጋር አዋሽ ተኝቶ በሚሠራው ረግረግ ውስጥ ሲዋኝ ይውል ነበር። ደም ይሸኑ እንደነበር ያስታውሳል፤ በሽታ መሆኑን ግን የነገራቸው አልነበረም። አንድ ቀን የጤና ሠራተኞች ከትምህርት ቤታቸው መጡ። የእያንዳንዱን ልጅ ሽንት መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየሳቡ፣ የአንድ ሳንቲም ስፋት ባላት ክብና ስስ ነገር ውስጥ ገፍተው አሳለፉት። ልጆቹ ወረቀት ናት ብለው ሲከራከሩ፣ ከሠራተኞቹ አንዱ «ወረቀት አይደለችም፤ ፕላስቲክ ናት፤ ቀዳዳዎች አሏት» አላቸው። እነሱም አንዷን ወደ ፀሐይ ይዘው ቢመለከቷት አንዲትም ቀዳዳ አጡባት። «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል» አለኝ፤ «ቀዳዳዋ የማይታይ ማጣሪያ ማን ነው የበሳት? በምንስ በሳት?»

ለጥያቄው በታክሲ ውስጥ የሚያልቅ መልስ አልነበረኝም። የሚከተለው በዚያ መንገድ ላይ ሳልጨርሰው የቀረሁት መልስ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከዚያው ከአየር ማረፊያው አካባቢ መጀመር ይቻላል። ዛሬ በሴናተር ሃሪ ሪድ ስም የሚጠራው ይህ ጣቢያ ስሙን ያገኘው በ2021 ሲሆን፣ ከ1948 ጀምሮ የተጠራው በሌላው የኔቫዳ ሴናተር በማካራን ስም ነበር። ሁለቱ ስሞች ሁለት ዘመኖችን ያስታውሳሉ። በማካራን ዘመን፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1951፣ ከከተማይቱ በስተሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በረሃ የመጀመሪያው የኔቫዳ የኑክሊየር ቦምብ ፈነዳ። እስከ 1992 ድረስ በዚያ ምድር 928 ፍንዳታዎች ተካሂደዋል፤ ከነዚህ ውስጥ 100ው ከመሬት በላይ ነበሩ። የላስ ቬጋስ ሆቴሎች እንግዶቻቸው ደመናውን ከሰገነት ላይ እንዲያዩ ይጋብዙ ነበር። ሪድ ደግሞ በአንጻሩ የአገሪቱ የኑክሊየር ዝቃጭ በዩካ ተራራ እንዳይቀበር ለብዙ ዓመታት በመታገል የሚታወቅ ሰው ነው።

ከአየር ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ በፍላሚንጎ ጎዳና፣ በ2005 የተከፈተ የአቶሚክ ሙከራ ሙዚየም አለ። የዚያ ዘመን ሠራተኛና ወታደር ምን ያህል ጨረር እንደደረሰበት ይታወቅ ዘንድ ደረቱ ላይ ትንሽ የፊልም ምልክት ይለጥፍ ነበር። ፊልሙ ከፎቶግራፍ ፊልም የተለየ አይደለም፤ በጄላቲን ውስጥ የተበተኑ የብር ውሁድ ቅንጣቶች በጨረር ሲነኩ፣ ፊልሙ በሚታጠብበት ጊዜ ይጠቁራሉ። ሙያተኛው የጥቁረቱን መጠን ለክቶ በሰውየው ስም ይመዘግባል። ጸሐፊው ብሩ ነው፤ ከሥር ያለው ስስ ፕላስቲክ ብሩን የተሸከመ ገበታ ብቻ ነው። ገበታው ራሱ ሊጽፍ ይችላል ብሎ ያሰበ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ፕላስቲክ በጨረር ሲቢጅ፣ ሲሰነጠቅ፣ ሲሰባበር ታይቷል፤ ነገር ግን ይህ የተቆጠረው እንደ ብልሽት እንጂ እንደ ጽሕፈት አልነበረም።

ይህን ግምት የለወጠው ምርምር በፕላስቲክ አልጀመረም። በእንግሊዝ አገር በሃርዌል የአቶሚክ ምርምር ጣቢያ፣ ያንግ የተባለ ተመራማሪ በ1958 ሊቲየም ፍሎራይድ የተባለውን ክሪስታል የዩራኒየም ስብርባሪ ከመታው በኋላ በኬሚካል ሲያጥበው፣ እያንዳንዱ ስብርባሪ በወደቀበት ቦታ ትንሽ ጉድጓድ ተገኘ። በዓመቱ በዚያው ጣቢያ ሲልክና ባርንስ በሚካ ንጣፍ ውስጥ ያለፉትን ስብርባሪዎች ዱካ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። ዱካው እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ነበር። እዚህ ላይ ነገሩ ሊቆም ይችል ነበር፤ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የነበራቸው ቤተ ሙከራዎች ጥቂት ነበሩና።

በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በስኬኔክታዲ ከተማ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ የሚሠሩት ሮበርት ዎከርና ቡፎርድ ፕራይስ ሥራውን ወደ ፊት የገፉት በቀላል ዘዴ ነው። ሚካውን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሲነክሩት፣ አሲዱ ከጤነኛው አካል ይልቅ የተጎዳውን መስመር በፍጥነት እየበላ ዱካውን አሰፋው፤ የሰፋውም ዱካ በማንኛውም ትምህርት ቤት ባለ ማይክሮስኮፕ የሚታይ ሆነ። ሮበርት ፍላይሸር ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ። በ1963 ፍላይሸርና ፕራይስ ይኸው ነገር በፖሊመሮችም እንደሚሠራ በሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተሙ። ለፕላስቲክ አሲድ እንኳ አላስፈለገም፤ ሳሙና ለመሥራት የሚያገለግለው ኮስቲክ ሶዳ በቃ።

ለምን እንደበቃ ለመረዳት ስለ ፕላስቲኩ አካል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፖሊመር ማለት አንድ ዓይነት የአቶሞች ስብስብ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ ክር እየተሰካ በሺህ የሚደጋገምበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ስለ ማጣሪያዋ ስንናገር የምንናገረው ስለ ፖሊካርቦኔት ነው፤ የርሱ አንዱ «ዶቃ» 16 የካርቦን፣ 14 የሃይድሮጅንና 3 የኦክሲጅን አቶሞች አሉት። አዮን ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን በማጣቱ ወይም በመጨመሩ የኤሌክትሪክ ሙል ያገኘ አቶም ነው። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የሚወረወሩት ሁለት ስብርባሪዎች እጅግ ከባድና ፈጣን አዮኖች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሚሊሜትር መቶኛ ውፍረት ባለው ፊልም ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጅበት ጊዜ የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት በመንገዱ ዙሪያ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ያፈናቅላል፤ ትስስሮቹ ይበጠሳሉ። ከሁሉ ቀላል የሆነው ሃይድሮጅን ጥንድ ጥንድ እየሆነ በጋዝነት ያመልጣል። ኦክሲጅኑም ብቻውን አይሄድም፤ ካርቦን ጨብጦ እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከኋላ የሚቀሩት የተቆራረጡ ሰንሰለቶች ናቸው፤ የተቆራረጠ ሰንሰለት ደግሞ ከረጅሙ ይልቅ በኮስቲክ ሶዳ በቶሎ ይሟሟል። ስለዚህ ፈሳሹ አዮኑ በሄደበት መንገድ ገብቶ፣ በሌላው ወገን ይወጣል። ፊልሙ በፈሳሹ ውስጥ ሲቆይ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቀደም ብሎ ሲወጣ ይጠባል።

እንግዲህ ለወዳጄ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ የበሳው የተሰነጠቀ ዩራኒየም ስብርባሪ ነው፤ መብሻውም የቅንብር ለውጥ ነው። አዮኑ ራሱ ቀዳዳ አይተውም። የሚተወው ቅንብሩ የተለወጠ ቀጭን መስመር ነው፤ ቀዳዳ የሚያደርገው ሶዳው ነው። ይህ ልዩነት ጥቃቅን ቢመስልም የማጣሪያዋ ምሥጢር በሙሉ በርሱ ላይ ያርፋል። የቀዳዳዎቹን ቁጥር የሚወስነው ፊልሙ በሬአክተሩ አጠገብ የቆየበት ጊዜ ነው፤ ስፋታቸውን የሚወስነው በሶዳው ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ሥልጣን የለውም። ሁሉም ቀዳዳ አንድ ልክ የሆነ ማጣሪያ በቃጫም ሆነ በሽመና ለማግኘት እንዴት እንደሚያዳግት ጠላ ያጠለለ ሰው ያውቀዋል።

የፊልሙ ጥቅም በቶሎ ታወቀ። በ1964 የኒው ዮርክ ሐኪም ሲል በደም ውስጥ የሚዞሩ የካንሰር ሕዋሳትን ለመለየት በዚህ ዓይነት ወንፊት መጠቀሙን አሳተመ፤ ቀይ የደም ሕዋስ ተጣጥፎ ያልፋል፣ ትልቁና ግትሩ የካንሰር ሕዋስ ይቀራል። ፕራይስና ዎከር ያቀረቡት የፈጠራ መብት በ1967 ተሰጠ። ፊልሙም ኒውክሊፖር በሚል የንግድ ስም በካሊፎርኒያ ይመረት ጀመር። በሌላው የዓለም ወገን፣ በዱብና፣ በፍሌሮቭ የሚመራው ቤተ ሙከራ ሬአክተሩን ትቶ ከባድ አዮኖችን በማፋጠኛ እየወረወረ ተመሳሳይ ፊልም አወጣ። በቀዝቃዛው ጦርነት ሁለቱ ጎራዎች ፕላስቲክ በመብሳት መፎካከራቸው ከሌላው ፉክክራቸው አንጻር የሚመሰገን ነው።

ስለ ዎከር ባልፈው የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ይህ ሰው ሚካ እየነከረ በነበረበት ዘመን፣ በ1959፣ በዚያው በስኬኔክታዲ ቪታ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ካቋቋሙት ዋነኛው ነበር። ማኅበሩ የአሜሪካ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ከድሃ አገሮች በደብዳቤ ለሚመጡላቸው የቴክኒክ ጥያቄዎች ያለ ክፍያ መልስ እንዲሰጡ ያደራጀ ነበር። ሆኖም ከዎከር ሥራዎች ወደ እኛ አዋሽ ድረስ ለመዝለቅ የቻለው፣ ለድሃ አገር ታስቦ ያልተሠራው፣ ስለ ሚካና ስለ ሜትዮራይት ካለ ንጹሕ ጉጉት የተወለደው ፊልም ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች መሠረታዊ ምርምር ቅንጦት ነው፣ ለድሃ አገር የሚበጀው ተግባራዊው ብቻ ነው የሚለው ክርክር ሲነሣ ይህን ማስታወስ አይጎዳም።

የፊልሙ ታሪክ ሌላም ቅርንጫፍ አለው፤ ይህ ጸሐፊ እንጀራውን የበላበት እርሱ ነው። ከላይ የተነገረው አዮኖች ተራርቀው ሲወድቁ ነው። ብዙ አዮኖች ተደራርበው ሲወድቁ ግን ዱካ ከዱካ ይገጥምና የፊልሙ ፊት በሙሉ ይለወጣል። መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። ከሰል ሲከሰል ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጢሱና እንፋሎቱ ወጥቶ ካርቦኑ ይቀራል፤ ልዩነቱ እዚህ እሳትም ጉድጓድም አለመኖሩ ነው። በ1982 ከቤል ቤተ ሙከራዎች ፎረስት፣ ካፕላን፣ ሽሚት፣ ሎቪንገርና በትውልድ ሕንዳዊ የሆነው ቬንካቴሳን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ስስ የኦርጋኒክ ፊልሞች በአዮን ጅረት ሲመቱ የማስተላለፍ ችሎታቸው እጅግ እንደሚጨምር አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «ምን ያህል ሃይድሮጅን ወጣ? ምን ያህል ኦክሲጅን ቀረ?» የሚል ሆነ። ክሎሪን ያለው ፖሊመር ክሎሪኑን፣ ፍሎሪን ያለው ፍሎሪኑን ያጣል፤ እያንዳንዱ የሚያጣው እንደ ተፈጥሮው ነው።

የሚለካውም በአዮን ነው። ጋይገርና ማርስደን በ1909 በማንችስተር የአልፋ ቅንጣቶች ከወርቅ ቅጠል ላይ ወደ ኋላ ሲነጥሩ አይተው ነበር፤ ራዘርፎርድም በ1911 ከዚህ ተነሥቶ የአቶምን እምብርት አገኘ። ያው ነጠራ በኋላ መለኪያ ሆነ፦ አልፋው የሚመለስበት ፍጥነት የመታውን አቶም ክብደት ይናገራል። ሰርቬየር 5 የተባለችው መንኮራኩር በ1967 የጨረቃን አፈር ቅንብር ለምድር የነገረችው በዚህ ዘዴ ነው። ሃይድሮጅን ግን ከአልፋው የቀለለ ስለሆነ አልፋውን ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም፤ ስለዚህ ፊልሙን በአግድም እየመቱ ወደ ፊት ተፈናጥሮ የሚወጣውን ሃይድሮጅን መቁጠር ግድ ሆነ። ችግሩ፣ የሚለካው ጅረት ራሱ ፊልሙን መለወጡ ነው፤ ቆጠራው ሲያልቅ የተቆጠረው በከፊል አምልጧል። ይህ ጸሐፊ በወጣትነቱ በዚህ ምክንያት የብዙ ወራት ሥራ ጥሏል።

አሁን ወደ አዋሽ እንመለስ። አዋሽ ከቆቃ ግድብ ግንባታ በኋላ፣ በተለይም የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ከተቋቋመ ወዲህ፣ የሸንኮራና የጥጥ እርሻ ምድር ሆነ። ቦዩ ውኃውን ሲያመጣ ቀንድ አውጣውንም አመጣ፤ ከየደጋው ለሥራ የወረደው ሕዝብም ተውሳኩን ይዞ መጣ። በላይኛው ሸለቆ እርሻዎች የተስፋፋው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው። በመካከለኛውና በታችኛው ሸለቆ ረግረጎች ዘንድ ደግሞ ሽንትን ደም የሚያደርገው ዓይነት ነበረ። አክሊሉ ለማና ሄልሙት ክሎስ በ1970ዎቹ በአሚባራና በሌሎችም የመስኖ እርሻዎች ላይ ያካሄዱት ጥናት ዛሬም የሚጠቀስ ነው።

የሽንት ቢልሃርዚያ እንቁላል ርዝመቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ጥቂት ያልፋል። ከሽንቱ ጋር ከሚወርዱት ሕዋሳት ግን እጅግ ይበልጣል። በ1976 ፒተርስና ባልደረቦቹ 10 ሚሊ ሊትር ሽንት በኒውክሊፖር ፊልም አሳልፎ በላዩ የቀሩትን እንቁላሎች በማይክሮስኮፕ መቁጠር እንደሚቻል አሳዩ። ቀዳዳዎቹ ስፋታቸው 12 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ዓይን ሊያያቸው አይችልም፣ እንቁላሉም ሊያልፍባቸው አይችልም። ፊልሙ ለስላሳና ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ እንቁላሉ እንደ ቃጫ ማጣሪያ ውስጥ ተሸሽጎ አይቀርም፤ ከላይ ተኝቶ ይታያል። በዓለም የጤና ድርጅት መመዘኛ፣ በ10 ሚሊ ሊትር 50 እንቁላልና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው በከባድ እንደተያዘ ይቆጠራል። በኋላ ርካሽና ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የናይሎን ጨርቅ መጥቶ በብዙ ቦታ ፕላስቲኩን ተክቶታል።

አክሊሉ ለማ ፊልሙ ከተገኘ በዓመቱ፣ በ1964፣ በዐድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አየ። ሌላው ሰው ሁሉ ያያቸው ናቸው፤ ቆም ብሎ የጠየቀ እርሱ ነው። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ የሚጠራውም በአክሊሉ ስም ነው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘ። ፊልሙ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሆስፒታል ለመግባት የፈጀበት አንድ ዓመት ገደማ ነው። እንዶድ ግን ከ25 ዓመት በኋላ፣ ሽልማቱ በተሰጠበት ዓመት እንኳ፣ ለሰፊ ሥራ አልዋለም ነበር። ፍርዱ ለአንድ ወገን እንዳያደላ መናገር የሚገባው ነገር አለ፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፣ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገርም በጥብቅ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ በዚያ ላይ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በመምጣቱ የዓለም ትኩረት ቀንድ አውጣውን ከመግደል ሰውን ወደ ማከም ዞረ። ነገር ግን መርማሪው ቤተ ሙከራ የማን እንደሆነ ያልታየበት ምርመራ ነበር ለማለት ይህ ጸሐፊ አይደፍርም።

ስለዚያው ሸለቆ አንድ ነገር ልጨምር። ስኬኔክታዲ የነበሩት ሦስቱ ሰዎች ከሉዊስ ሊኪ ጋር በ1965 የኦልዱቫይን የታችኛውን ንጣፍ ዕድሜ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብለው ያወጡት በእሳተ ገሞራ መስታወት ውስጥ ዩራኒየም በራሱ ጊዜ እየተሰነጠቀ የተወውን ዱካ በመቁጠር ነው። የዩራኒየሙን መጠን ለማወቅ ከማዕድኑ ላይ የሚካ ወይም የፕላስቲክ ፊልም ለጥፎ ሬአክተር ውስጥ ማስገባት በኋላ የተለመደ ዘዴ ሆነ፤ ማዕድኑ ምስክርነቱን በፊልሙ ላይ ይጽፋል። በመካከለኛው አዋሽ ሲንደሪ የተባለው የአመድ ንጣፍ በ1984 ከ3.8 እስከ 4 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ሲታተም፣ የዱካ ቆጠራው ከአርጎኑ ልኬት ጎን ቆሞ ነበር። አንድ ግኝት በአንድ ወንዝ ዳር የአመዱን ዕድሜም የልጆቹን በሽታም ለካ ማለት ነው። ሁለቱም ቆጠራዎች የተጻፉባቸው መዝገቦች በአመዛኙ የሚገኙት ከወንዙ ርቀው ነው።

ከስብሰባዬ መልስ ያንኑ አሽከርካሪ ጠርቼ ወደ አየር ማረፊያው አደረሰኝ። በመንገድ ላይ ከላይ የጻፍሁትን በአጭሩ ነገርሁት። ስለ ዩራኒየሙ ሲሰማ ደንገጥ ብሎ ፕላስቲኩ ራሱ ጨረር ይዞ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ታጥቦ፣ ተፈትሾ እንደሚወጣ አስረዳሁት። ከዚያ ስለ አምሳው እንቁላል አነሣ።

«ያን ቀን ስማችንን እየጠሩ ከጎኑ ቁጥር ይጽፉ ነበር» አለኝ። «የኔ ስንት እንደነበረ አልነገሩኝም። ኪኒን ሰጡን፤ ደሙም ቆመ። ጋሼ፣ ያ ወረቀት የት ይገኝ ይሆን?»

ሻንጣዬን አውርዶ ሰጠኝ፤ ሌላ መንገደኛም እየጠበቀው ነበር።